ዶኩዊኪን በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ስለ መትከል

ከየአገሩ ሽማግሌዎች እየጠየቅን የጻፍነው ማስታወሻ በየደብተሩ ተበታትኖ ስላስቸገረን፥ ሁላችንም የምንጽፍበትና የምናርምበት አንድ መዝገብ በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ለማቆም አሰብን። እንዲህ ያለው መዝገብ ዊኪ ይባላል። ስሙን ያወጣው ዋርድ ከኒንግሃም የተባለው አሜሪካዊ ነው፤ ይኸውም በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዊኪ ሲከፍት በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመላለሰውን አውቶቡስ ስም አስታውሶ ነው። ቃሉ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው።

ከብዙዎቹ የመረጥነው፥ ጀርመናዊው አንድሪያስ ጎር በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ዶኩዊኪን ነው። ይህ እንደ ሜዲያዊኪ ዳታቤዝ አይፈልግም፤ እያንዳንዱን ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ያኖራል። ስለዚህ ፎልደሩን የገለበጠ ሰው መዝገቡን በሙሉ ገለበጠ ማለት ነው።

አተካከሉ አያደክምም። በዴቢያን ላይ አፓቺንና ፒኤችፒን ማስገባት፥ የዶኩዊኪን ጥቅል አውርዶ በአፓቺ ፎልደር ውስጥ መፍታት፥ «ዳታ» እና «ኮንፍ» የተባሉትን ፎልደሮች አፓቺ በሚሠራበት ተጠቃሚ ስም ማድረግ፥ ከዚያም የመትከያውን ገጽ በብራውዘር ከፍቶ የመዝገቡን ስምና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል መሙላት ነው። ይህ ሲያበቃ የመትከያው ፋይል መሰረዝ አለበት።

እኛም እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ የአንዱን ገጽ ፋይል አድራሻ በቀጥታ በብራውዘር ቢጽፍ፥ የነገሩንን ሰዎች ስም የያዘው፥ በይለፍ ቃል የዘጋነው ገጽ ማንም ሳይጠይቀው ተከፈተለት! ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዶኩዊኪ እነዚያን ፎልደሮች የሚከለክለው በየፎልደሩ ባስቀመጠው ኤችቲአክሰስ በሚባል ትንሽ ፋይል ነው፤ በዴቢያን ያለው አፓቺ ግን ካልታዘዘ በቀር ያን ፋይል አያነብም። ይህን ሳናጣራ መተዋችን የራሳችን ጥፋት ነው። መድኃኒቱ፥ በአፓቺ ማዋቀሪያ ውስጥ ለዚያ ፎልደር «አላውኦቨርራይድ» የሚለውን መስመር ከ«ነን» ወደ «ኦል» መለወጥና አፓቺን እንደገና ማስነሣት ነው። ከዚያ በኋላ ያንኑ አድራሻ ደግሞ መሞከር ይገባል፤ መልሱ 403፥ ማለት ክልክል፥ መሆን አለበት።

ሌላው ችግር እንደ እኛ ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል ለሚጽፍ ሰው የሚመጣ ነው። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ዶኩዊኪ ካልተነገረው በቀር የገጹን አርእስት የፋይል ስም ሲያደርገው እያንዳንዱን ባይት በ3 ምልክት ይጽፈዋል፤ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ሆነ ማለት ነው። በተለመደው የሊኑክስ ዲስክ አሠራር ደግሞ የፋይል ስም ከ255 ባይት አያልፍም። እንግዲህ 30 ፊደል ያለው አርእስት 270 ስለሚሆን ገጹ አይቀመጥም። በማዋቀሪያው ገጽ የፋይል ስም አጻጻፍን ወደ ዩቲኤፍ 8 ብንለውጠው ያው አርእስት 90 ባይት ብቻ ይሆናል። ይህ ግን የመጀመሪያው ገጽ ሳይጻፍ መደረግ አለበት፤ ዘግይቶ የለወጠ ሰው ቀድሞ የጻፋቸውን ገጾች፥ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስማቸውን እስኪለውጥ ድረስ፥ ዶኩዊኪ አያገኝለትም።