አንድ ስክሪን፣ ብዙ ክፍል፦ ቲሙክስን ለሥራችን እንዲመች ማደራጀት



የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ብዙዎቻችን ከዶርም ሆነን በርቀት ሰርቨር ላይ እንሠራለን። ጎንደር ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ተርሚናሉ ይዘጋል፤ ለሰዓታት ሲሄድ የነበረው ሲሙሌሽንም አብሮ ሊቆም ይችላል። ለዚህ የሚረዳን ኒኮላስ ማሪዮት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ ፕሮግራም፣ ቲሙክስ ነው።

ቲሙክስን ሰርቨሩ ላይ ከከፈትን ሥራችንን የሚይዘው እሱ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ የሚጠፋው የእኛ እይታ ብቻ ነው። ተመልሰን ገብተን «ቲሙክስ አታች» ብለን (በላቲን ፊደል) ስንጽፍ ሁሉም በነበረበት ይጠብቀናል። ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋ ግን የተከፈተው ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ውጤቱን በየጊዜው ፋይል ላይ እናስቀምጥ።

አሁን ወደ አደረጃጀቱ እንምጣ። ማንኛውም ትእዛዝ የሚጀምረው ኮንትሮልና ቢን አንድ ላይ ተጭኖ በመልቀቅ ነው። ከዚያ የፐርሰንት ምልክት ስንጫን ስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ ድርብ ጥቅስ ስንጫን ደግሞ ላይና ታች ይከፈላል። በቀስት ቁልፎች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንሄዳለን። ስፔስ ስንጫን የተዘጋጁት አደረጃጀቶች በየተራ ይመጣሉ፤ ከእነሱም መካከል፦ ጎን ለጎን እኩል፣ ላይና ታች እኩል፣ ዋናው ከላይ፣ ዋናው በግራ፣ እንዲሁም እንደ ንጣፍ የተደረደረ።

ለኮድ ሥራ የሚመቸው «ዋናው በግራ» ነው። መድረሳ የቀራን ሰዎች መልኩን እናውቀዋለን፤ በኪታብ ገጽ ላይ መትኑ መሐሉን ይዞ ሐሺያው በዳር እንደሚሰፍረው፣ እዚህም ኮዱ ሰፊውን ቦታ ይይዛል፤ ውጤቱና የስህተት መልእክቱ በጎን ይሆናሉ። የዋናው ክፍል ስፋት ሳንነካው 80 ፊደል ነው። ለማስፋት «ዶት ቲሙክስ ዶት ኮንፍ» በተባለው ፋይል ውስጥ «ሜይን ፔን ዊድዝ» የሚለውን 100 እናደርገዋለን። ስክሪናችን ትንሽ ከሆነ ዚ አንዱን ክፍል ሙሉ ያደርገዋል፤ ደግመን ስንጫን ይመለሳል።

ለሶላት ስንነሳም ሥራውን መዝጋት አያስፈልግም። ኮንትሮልና ቢ፣ ከዚያ ዲ፤ ሲሙሌሽኑ ይቀጥላል፣ እኛም በጊዜው እንሰግዳለን። የማስረከቢያው ቀን ሳይደርስ ዛሬውኑ እንለማመደው፤ የቻለም ላልቻለው ያሳይ። ወሰላሙ ዐለይኩም!