በወላጆች ጠብ መካከል ያለ ልጅ

ባልና ሚስት ሲፋቱ ትዳራቸው ይፈርሳል እንጂ ወላጅነታቸው አይፈርስም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ቂም የያዘ አባት ወይም ቂም የያዘች እናት ልጁን የጠቡ ተካፋይ ያደርጉታል። የሌላው ወላጅ ስም በክፉ ይነሣበታል፤ የተላከለት ስጦታ ይሸሸግበታል፤ የመጠያየቂያው ቀን በልዩ ልዩ ሰበብ ያልፍበታል። ልጁም አብሮት የሚኖረውን ወላጅ እንዳያስቀይም ሲል ሌላውን መሸሽ ይጀምራል። ውሎ አድሮም ናፍቆቱን መግለጥ እንደ ክህደት ይቆጥረዋል።

ይህን ጉዳት በመከላከል ረገድ ሕግ የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ ከወላጁ ተለይቶ የሚኖር ልጅ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በስተቀር ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም፣ ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩና ከሌላው ወላጅ ጋር እንዴት እንደሚጠያየቁ አብሮ እንዲወስን ያዛል።

ነገር ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ልጁን ከወላጁ ደጅ ያደርሰዋል እንጂ የሻከረውን ልብ አያለዝብም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ልጁን ለብቻው ያነጋግራል። ምክንያቱም ወላጁን የሸሸ ልጅ ሁሉ በሌላው ወላጅ ክፉ ምክር የሸሸ አይደለም፤ ድብደባ ወይም ሌላ በደል ደርሶበት የፈራም አለ። እንዲህ ላለው ልጅ የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው እንጂ የግድ እርቅ አይደለም። ሪቻርድ ጋርድነር የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ሁኔታ እንደ በሽታ ቆጥሮ ስም ቢያወጣለትም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታዎች ተራ አልመደበውም። ስለዚህ ባለሙያው የሚመረምረው የበሽታ ስም ሳይሆን የቤተሰቡን ታሪክ ነው። በደል አለመኖሩን ከተረዳ በኋላ ሁለቱን ወላጆች በየተራ ይመክራል፤ ልጁም ከራቀው ወላጁ ጋር በአጭር ጉብኝት ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲቀራረብ ያደርጋል።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለረዥም ዘመን በአብዛኛው በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ግን አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ሊደርስ ችሏል። ባለሙያ በማይገኝበት ሥፍራ የልጁን ጭንቀት ቀድመው የሚያዩት መምህሩ፣ ዘመዶቹና የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌዎች ባልና ሚስቱን ማስታረቅ ቢሳናቸው እንኳ፣ ልጁን መልእክተኛም ምስክርም እንዳያደርጉት ቃል ሊያስገቧቸው ይችላሉ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነውና።

ጥያቄዎች
1. የፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው?
2. ባለሙያው አስቀድሞ ልጁን ለብቻው የሚያነጋግረው ስለ ምን ነው?
3. በመጨረሻው አንቀጽ የተጠቀሰውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከጽሑፉ ሐሳብ ጋር በማገናዘብ አብራሩ።