የኦርጋኒክ ቁስ በውሃ ማጣሪያ ሜምብሬን ላይ ለሚፈጠር የማዕድን ቅርፊት ያለው ሚና

በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ ለሆቴል፣ ለጤና ተቋም፣ ለውሃ ማሸጊያ ወይም ለመኖሪያ ቤት የሚገዙ ተገልጋዮች ሻጩን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ዋጋውና በሰዓት ስለሚያጣራው መጠን ነው። የመሣሪያውን ዕድሜ በዋናነት የሚወስነው ግን ወደ ውስጡ የሚገባው ውሃ ነው። ይህ ጽሑፍ ሜምብሬን ለምን ያለጊዜው እንደሚደፈንና ከግዢ በፊት ምን ሊመረመር እንደሚገባ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በከሚሴና በአካባቢዋ ለሚገኙ ተገልጋዮች ያብራራል።

ሜምብሬን ውሃን እያሳለፈ በውሃው ውስጥ የሟሙትን ጨዎች የሚያስቀር እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ከገባው 100 ሊትር ውሃ 75ቱ ተጣርቶ ቢያልፍ፣ ጨዎቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ በቀሪው 25 ሊትር ውስጥ ይከማቻሉ፤ መጠናቸውም በእያንዳንዱ ሊትር አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሽፋኑ ገጽ ላይ ደግሞ ክምችቱ ከዚህም ይበልጣል። ካልሲየም ካርቦኔት፣ ጂፕሰም እና ሲሊካ ውሃው አሟሙቶ ሊይዛቸው ከሚችለው በላይ ሲሆኑ በሽፋኑ ላይ ይጋገራሉ። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ዘመድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ግን ይፋቃል፣ ሜምብሬን አይፋቅም።

እስከዚህ ያለው በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የኦርጋኒክ ቁስ ነው፤ ይኸውም የበሰበሱ ዕፅዋት የሚለቁት ሑሚክ አሲድ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር እና ከፍሳሽ ጋር የሚመጣ ፕሮቲን ነው። ይህ ቁስ በማዕድን ቅርፊት ላይ ያለው ሚና እንደሚገኝበት ቦታ ይለያያል። ሑሚክ አሲድ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ሳለ ካልሲየምን ይይዛል፤ በማደግ ላይ ባሉ የማዕድን ክሪስታሎች ገጽ ላይም እየተለጠፈ ዕድገታቸውን ያዘገያል። በዚህ ሁኔታ ለመሣሪያው ረዳት ይመስላል። በሽፋኑ ላይ ካረፈ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካልሲየም አንዱን የኦርጋኒክ ሞለኪውል ከሌላው፣ እንዲሁም ከሽፋኑ ጋር እንደ ድልድይ ሆኖ ያያይዛል። በዚህም ሙጫ የመሰለ ንብርብር ይፈጠራል። ንብርብሩ የተጠራቀመው ጨው ወደ ዋናው ፍሰት እንዳይመለስ ያግዳል፤ ለአዲስ ክሪስታሎችም መነሻ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ እኩል ካልሲየም የያዙ ሁለት ውሃዎች አንዱ ሜምብሬኑን ለረጅም ጊዜ ሳይጎዳ፣ ሌላው በአጭር ጊዜ ሊደፍነው ይችላል።

ከሚሴ የምትገኝበት የቦርከና ሸለቆ ለዚህ ጉዳይ ትኩረት የሚሻ አካባቢ ነው። የአዋሽ ገባር የሆነው ቦርከና ወንዝ የደሴንና የኮምቦልቻን ከተሞች አካባቢ አልፎ ወደ ጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ይወርዳል። ረግረግ በተፈጥሮው የሣርና የደንገል ቅሪት በውሃ ውስጥ የሚበሰብስበት፣ የሑሚክ አሲድ ምንጭ የሆነ ስፍራ ነው። ከላይ ካሉት ከተሞች የሚወርድ ፍሳሽም በዚህ ላይ ይታከላል። በአንጻሩ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የኦርጋኒክ ቁሱ አነስተኛ ሲሆን፣ ከዓለት ጋር ረጅም ጊዜ በመቆየቱ ማዕድኑ ሊበዛ ይችላል። ከሁሉም አስቸጋሪ የሚሆነው የሁለቱ ቅልቅል፣ ለምሳሌ ወንዝ ወይም ረግረግ አጠገብ የተቆፈረ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ነው።

በአገራችን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካ ፍሳሽን አጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ማዕከል አለው። ፍሳሹ ወደ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬን ከመድረሱ አስቀድሞ በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት የኦርጋኒክ ቁሱ እንዲቀንስ ይደረጋል። መጠኑ ይነስ እንጂ የሆቴል መሣሪያም የቅድመ ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ መሠረት የካልሲየምና የማግኒዚየም ድምር፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ በሊትር ከ300 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ይሁንና ይህ ገደብ የተቀመጠው ለጠጪው እንጂ ለሜምብሬኑ አይደለም፤ ደረጃውን ያሟላ ውሃም ሜምብሬን ሊደፍን ይችላል። ስለሆነም ናሙና የሚያስመረምር ተገልጋይ ከካልሲየም፣ ከማግኒዚየም፣ ከሰልፌት፣ ከሲሊካና ከፒኤች በተጨማሪ ጠቅላላ የኦርጋኒክ ካርቦን እንዲለካለት በግልጽ መጠየቅ ይኖርበታል። ውጤቱን ሳያይ የመሣሪያ ዓይነት የሚመርጥ ሻጭ የሚሰጠው ዋስትና እምብዛም አያስተማምንም።

መሣሪያው ያላቸው ተገልጋዮች በእጥበት ቅደም ተከተል ላይ ሊጠነቀቁ ይገባል። አሲድ የካርቦኔት ቅርፊትን ያሟሟል፤ ጂፕሰምን ግን እምብዛም አይነካም። የኦርጋኒክ ንብርብር ባለበት አሲድ ማስቀደም ንብርብሩን ይበልጥ ሊያጠነክረው ይችላል። በመሆኑም ቅልቅል ክምችት ሲኖር በአብዛኛው በአምራቹ የተፈቀደ የአልካላይን ማጠቢያ ይቀድማል፣ አሲድ ይከተላል። ክሎሪን የተጨመረበት የቧንቧ ውሃም በካርቦን ማጣሪያ ሳያልፍ ፖሊያማይድ ከተባለው የተለመደ የሜምብሬን ዓይነት ሊደርስ አይገባም፤ ሽፋኑን ይጎዳዋል።

ለብዙ ቤተሰቦች ግን መሣሪያው ጭራሹን ላያስፈልግ ይችላል። አነስተኛ የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከሚያጣሩት የበለጠ ውሃ ይደፋሉ፤ ይህም የውሃ እጥረት ባለበት ቆላማ አካባቢ ቀላል ኪሣራ አይደለም። ምርመራው ውሃው ደረጃውን እንደሚያሟላ ካሳየ፣ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥና እንደ አስፈላጊነቱ በክሎሪን ማከም ይበቃል።

ናሙና ለማስመርመር የሚፈልጉ ተገልጋዮች በቅድሚያ የወረዳቸውን ወይም የከተማቸውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ። ለኦርጋኒክ ካርቦን የሚወሰደው ናሙና ብርሃን በማያሳልፍ ንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ተሞልቶ፣ በቀዝቃዛ ሁኔታ ሳይዘገይ ወደ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ምንጩ ለረግረግ ወይም ለወንዝ ቅርብ ከሆነ አንዱ ናሙና በበጋ፣ ሌላው በክረምት ጎርፍ ወቅት ቢወሰድ ይመረጣል፤ የኦርጋኒክ ቁሱ መጠን በሁለቱ ወቅቶች እጅግ ሊለያይ ይችላልና።