የቡና ወራትና የመሥሪያ ቤት ወረፋ

በጌዴኦ ምድር የቀይ እሸት ቡና ለቀማ በጥቅምት ይጠነክራል፤ ሥራውም እስከ ታኅሣሥ፥ በደጋው ወገን ደግሞ ከዚያም አልፎ ይዘልቃል። እሸቱ በተለቀመበት ቀን ከመፈልፈያው ካልደረሰ መብላላት ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ ከተብላላም በኋላ ይርጋ ጨፌን በዓለም ገበያ ያስጠራው ጣዕም አይገኝም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት አቅራቢው ከሚዛኑና ከመፈልፈያ ጣቢያው የሚርቅበት ትርፍ ጊዜ የለውም።

በሌላ በኩል በአዋጅ ቍጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ድረስ ነው። ክረምቱን «ገና ነው» እያለ ያሳለፈው ነጋዴ፥ እውነቱ ከተነገረም የሚበዛው እንዲህ ያለው ነው፥ ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ የሚገኘው ልክ እሸቱ በሚፈስበት ሰሞን ነው። ከገቢዎች መሥሪያ ቤት የግብር ክሊራንስ፥ ከንግድ ጽሕፈት ቤቱ የእድሳት ማረጋገጫ፥ ከቀበሌው መታወቂያ ሲያሰባስብ አንዱ ማኅተም ይጎድልና «ነገ ተመለስ» ይባላል። ያ የተቃጠለ ቀን በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አይጻፍም፤ ሆኖም ኪሣራው በቡናው ዋጋ ውስጥ ይገባል።

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኝ፥ ቡና ያሳደጋት ከተማ ናት። የወናጎ፥ የይርጋ ጨፌ፥ የኮቸሬ፥ የገደብና የቡሌ ሰው ወደ ባንክ፥ ወደ ምርት ገበያው መጋዘንና ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሚወርደው ወደ እርሷ ነው። ስሙ በውጭ አገር ቡና ቈይዎች ዘንድ የታወቀው የሬኮ ቡና እንኳ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ብዙ ወረቀት ይከተለዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በወላይታ ሶዶ፥ በአርባ ምንጭ፥ በዲላና በሌሎችም ከተሞች ተደልድለው ተቀምጠዋል። ድልድሉ ከተሞቹን በእኩል ዐይን ለማየት የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በሌላው ከተማ ለወደቀበት ባለሱቅ መንገዱ ሩቅ ነው፤ የአልጋና የትራንስፖርት ወጪውም በራሱ ኪስ ነው። እንግዲህ ዲጂታል አስተዳደር የሚባለው ነገር ለዲላ ነጋዴ የዘመናዊነት ጌጥ ሳይሆን መንገዱን የሚያሳጥርለት መሣሪያ ሊሆን ይገባዋል።

በአገር ደረጃ ሥራው ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አስመጪውና ላኪው በይበልጥ የሚያውቀው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በጥር 2012 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው የአገሪቱ ስልት ጸደቀ፤ በኤሌክትሮኒክ የተላለፈ መልእክትም በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ወጣ። ከዚያ በኋላ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ ብቻ እንዲሆን ሲታዘዝ ያጉረመረመው የጭነት መኪና ባለቤት ዛሬ በእጅ ስልኩ መክፈልን ለምዶታል። የንግድ ምዝገባና የፈቃድ እድሳትም ኢ-ትሬድ በተባለው ሥርዓት አማካይነት ከቤት ሆኖ የሚፈጸምበት መንገድ ተከፍቷል።

ከሁሉም ይልቅ የከተማ አገልግሎትን አኳኋን ለመለወጥ የታሰበው ግን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው «መሶብ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። ስያሜው ራሱ አሠራሩን ይነግራል፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ባለጉዳዩ እየዞረ ሳይሆን በአንድ ስፍራ ይስተናገዳል። ከበስተ ጀርባው ያለው አሳብ በሌላ አገር ተፈትኖ የታየ ነው። ኤስቶኒያ የተባለችው ትንሽ አገር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመሥሪያ ቤቶቿን መዝገቦች በአንድ መረብ አገናኝታ፥ መንግሥት አንድ ጊዜ የያዘውን ማስረጃ ከዜጋው ደግሞ እንዳይጠይቅ በሕግ ወስናለች። የግብር ክሊራንሱን ይዞ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚሮጠው ሰው ሳይሆን ማስረጃው ራሱ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ እንደሚቀላቀሉ መታወቅ አለበት። በወረቀት የነበረውን ቅጽ ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር አንድ ሥራ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ደግሞ ማሽኑ ከብዙ ምሳሌ ተምሮ ጽሑፍ ሲያነብ፥ ንግግር ሲሰማ፥ አሻራና ፊት ሲያመሳስል፥ ከሺሕ ማመልከቻ መካከልም እንግዳ የሆነውን ሲለይ ነው። መንግሥት ለዚሁ የተቋቋመ ኢንስቲትዩት አለው፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲም በ2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ ዐሥሩን የጣት አሻራ፥ የዐይን ብሌንና ፎቶግራፍ የሚወስደው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ነው፤ በሚሊዮን ከሚቈጠር አሻራ መካከል ተመሳሳዩን ፈልጎ ማግኘት ለሰው ዐይን የማይቻል፥ ለማሽን ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በጉምሩክም ዕቃን በአረንጓዴ፥ በቢጫና በቀይ መስመር የመለየቱ ሥራ ከዚሁ ብዙ የራቀ አይደለም። አረንጓዴ የወጣለት አስመጪ ማሽኑን ያመሰግናል፤ ቀይ የወጣበት ደግሞ ምክንያቱን ለማወቅ ይፈልጋል፥ መብቱም ሊሆን ይገባል።

የአማርኛ ፊደል ለማሽኑ የሚያመጣበት ጣጣ ቀላል አይደለም። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሌ» ሲል ሌላው «ሐይሌ»፥ ሦስተኛው «ሀይሌ» ይላል፤ ለሰው ያው ሰው ነው፥ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ነጋዴዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲገለበጥማ መንገዱ ይበዛል። በግብር ከፋይነት መለያው ላይ አንድ ዐይነት፥ በፓስፖርቱ ሌላ ዐይነት፥ በባንክ ደብተሩ ሦስተኛ ዐይነት ስም ያለው ላኪ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲከፈትለት ሰነዱ «አልተስማማም» ተብሎ ሊመለስበት ይችላል። የጌዴኦ ስሞች ደግሞ ድምፃቸውን በማያውቅ ጸሐፊ እጅ ሲወድቁ ከዚህ የባሰ ይዛባሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዲላ በቶሎ ሊረዳ የሚችልበት አንዱ ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ የተለያየ አጻጻፍ ያላቸውን ስሞች አገናኝቶ «እነዚህ አንድ ሰው ይመስላሉ» ብሎ ለጸሐፊው ማሳየት። ማሳየት ነው፥ መወሰን ግን የጸሐፊው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ማሽን ብቻውን ሲወስን ምን እንደሚሆን ሆላንዶች በከባድ ዋጋ ተምረዋል። የግብር መሥሪያ ቤታቸው የልጆች ማሳደጊያ ድጎማ የሚቀበሉትን ሰዎች አደጋ በሚመዝን ሥርዓት ሲለይ ኖሮ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው እንደ አጭበርባሪ ተቈጥረው ገንዘብ መልሱ ተባሉ፤ ብዙዎቹም በዕዳ ተዘፈቁ። ነገሩ ሲጋለጥ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 መንግሥቱ ሥልጣኑን ለቀቀ። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 መውጣቱ ጥሩ ጅምር ነው፤ የአዋጁ ጥቅም የሚታየው ግን ነጋዴው «ይህን ማን ወሰነ፥ በምንስ ምክንያት» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሰው በመስኮቱ በኩል ሲገኝ ነው።

ለጌዴኦ ቡና ነገሩ ከዚህም ይጠጥራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ቍጥር 2023/1115 መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት ያልመጣ መሆኑ በማሳው የካርታ ነጥብ መረጋገጥ አለበት። ደንቡ የሚጸናበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትላልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ተዛውሯል። ከ4 ሄክታር በታች ላለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የጌዴኦ ገበሬ ማሳ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ችግሩ ያለው በነጥቡ አይደለም፥ ነጥቡን ከሰማይ በሚመለከተው ማሽን ላይ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ከትላልቅ ዛፎች ሥር እንሰት፥ ከእንሰቱም ጋር ቡና አዛምዶ ይተክላል። ይህ አሠራር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ማሳው ደን መስሎ ይታያል። ማሽኑ በ2020 «ደን» ብሎ የጻፈውን ቦታ ገበሬው ያረጀ ቡናውን ጎንድሎ ወይም አንድ የጥላ ዛፍ ቈርጦ ሲያሳሳው «ደን ተመነጠረ» ሊል ይችላል። ዛፍ ጠብቆ የኖረ ገበሬ በዛፉ ምክንያት ከገበያ ቢወጣ ግፉ ከባድ ነው። ይህን ሊመልስ የሚችለው ቦታው ከጥንት ጀምሮ የቡና ማሳ መሆኑን የሚመሰክር፥ በቀበሌና በወረዳ በጥንቃቄ የተያዘ የመሬት መዝገብ ነው። ስለዚህ የቀበሌው መዝገብ ጥራት የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የላኪው ጉዳይ ሆኗል።

መዝገብ ከወረቀት ወጥቶ ቢቀመጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ የጌዴኦ ሕዝብ በመከራ አይቶታል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ሰው ዶሴ አይሸከምም፤ ፈቃዱም፥ የመሬት ደብተሩም፥ መታወቂያውም ከቤቱ ይቀራል። አሻራው ግን ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ማንነቱ በአሻራው የሚረጋገጥለት ባለሱቅ በማግስቱ ባንክ ቤት ቀርቦ ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል፤ ወረቀት ብቻ የነበረው ግን ምስክር ፍለጋ ይንከራተታል።

የሚቀሩት እንቅፋቶች የታወቁ ናቸው። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይቈራረጣል፤ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል የድሮውን «ኀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተክቷል። ቀድሞ በመሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩት ሰዎች ዛሬ የኮምፒዩተር ቤት ከፍተዋል፤ ነጋዴውም የይለፍ ቃሉን ለእነርሱ ትቶ ይሄዳል። ይህ ማኅተምን ለሰው ትቶ ከመሄድ አይለይም። ማሽኑም ቢሆን አማርኛን ገና እየተማረ ነው፤ ጌዴኡፋን ግን ከዚያም ያነሰ ያውቃል፥ የሚማርበት ጽሑፍ ጥቂት ነውና። ከገደብ የመጡ አንዲት አሮጊት በቋንቋቸው ጠይቀው መልስ ካላገኙ ለእርሳቸው የተሻለው አገልግሎት አሁንም ቋንቋቸውን የሚያውቅ ጸሐፊ ነው። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የቋንቋና የኮምፒዩተር ምሁራን የጌዴኡፋን ጽሑፍና ንግግር በመሰብሰብ የሚረዱበት ሰፊ ቦታ እዚህ አለ።

ለጊዜው ግን የእድሳቱ ወራት ከመድረሱ በፊት ነጋዴው በራሱ ሊሠራው የሚችለው ነገር አለ። የፋይዳ ካርዱን፥ የግብር ከፋይ መለያውን፥ የንግድ ፈቃዱንና የባንክ ደብተሩን ጐን ለጐን ዘርግቶ ስሙ በአማርኛም በላቲንም ፊደል አንድ መሆኑን ይመልከት። ልዩነት ካገኘ በሐምሌ ወረፋው አጭር ሳለ ያስተካክል። በኢ-ትሬድ ላይ የተመዘገበው የስልክ ቍጥር የራሱ መሆኑን፥ የኮምፒዩተር ቤቱ ልጅ አለመሆኑን ያረጋግጥ። እሸት የሚገዛም አቅራቢ የገበሬዎቹን ስምና የማሳቸውን ነጥብ ከሚዛን ደረሰኙ ጋር አያይዞ ከመጀመሪያው የጥቅምት ግዢ ጀምሮ ይያዝ።