የመጀመሪያው መርፌ በማን ክንድ?

ማንኛዋም ነርስ የመጀመሪያ መርፌዋን የምትወጋበት ቀን አለ። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የደም ሥሩን ትስታለች፤ ደግማ ትሞክራለች። ሙያ የሚለመደው እንዲህ ነው። ግን የምትለማመደው በማን ክንድ ነው?

በ1911 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ለዚህ ጥያቄ መፍትሔ ፈለገ። በሮድ አይላንድ አሻንጉሊት ትሠራ የነበረችውን ማርታ ቼዝን ሰው የሚያክል፣ ክንዱና ጉልበቱ የሚተጣጠፍ አሻንጉሊት እንድትሠራለት ጠየቃት። «ሚስስ ቼዝ» በመባል በታወቀችው በዚህች አሻንጉሊት ተማሪዎች ሕመምተኛን ማገላበጥና ማንሣት፣ ልብስ ማልበስም ተለማመዱ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መርፌ የሚወጋበት ክንድ ባላት አሻንጉሊት ተተካች። በ1960 ደግሞ ኖርዌያዊው የመጫወቻ አምራች ኦስሙንድ ሌርዳል ከአፍ ወደ አፍ ትንፋሽ መስጠት የሚለመድባትን ሪሳሲ አን የተባለች አሻንጉሊት ለዓለም አቀረበ።

የዛሬዎቹ ዘመናዊ የማሠልጠኛ አሻንጉሊቶች፣ ማኒኪኖች፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ የእጅ አንጓቸው ሲዳሰስ የደም ሥር ምት ይገኛል፤ በማዳመጫ የልብና የሳንባ ድምፅ ይሰማል። መምህሩ ከመስተዋት ጀርባ ሆኖ በኮምፒውተር የደም ግፊቱን ያወርዳል፤ በማይክሮፎንም «ትንፋሽ አጠረኝ» ይላል። ተማሪዎቹ ለውጡን ማስተዋል፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ለሐኪሙም ሁኔታውን አሳጥሮ በትክክል መንገር አለባቸው። ቢዘገዩ ሕመምተኛው ይብስበታል። ከዚያ ሁሉም እንደገና ይጀመራል፤ የተጎዳ ሰው የለም።

ትምህርቱ በደንብ የሚሰርጸው ግን ልምምዱ ካበቃ በኋላ፣ መምህርና ተማሪ ተቀምጠው ሲወያዩ ነው። ምን አየሽ? ያን ጊዜ ምን አሰብሽ? ለምን መድኃኒቱን አስቀደምሽ? ተማሪዋ ያደረገችውን ብቻ ሳይሆን ያሰበችበትን መንገድ ትመረምራለች። በተጨናነቀ የሕሙማን ክፍል ለዚህ ጊዜ አይገኝም።

የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በ10 ትምህርት ቤቶች ያካሄደውን ጥናት በ2014 ይፋ ሲያደርግ፣ ከሆስፒታል ልምምድ ሰዓት እስከ ግማሹ በዚህ ዓይነት ሥልጠና ቢተካ በተመራቂዎቹ ዕውቀትና ብቃት ላይ ጉልህ ልዩነት እንደማይታይ አሳይቷል። ቅድመ ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው፤ መምህራኑ የሠለጠኑ፣ ውይይቱም በወጉ የሚመራ መሆን አለበት።

ለዚህ የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአገራችን ጭምር አዋላጆች የሚሠለጥኑባት ኒዮናታሊ ውኃ ሲሞላባት የአራስ ልጅ ክብደት የምትይዝ አሻንጉሊት ናት። አሠልጣኙ ትንንሽ የጎማ ፊኛዎችን በእጁ እየጨመቀ ያስለቅሳታል፣ ያስተነፍሳታል፣ የእትብቷንም ምት ያሳያል። አዋላጇ የማይተነፍስ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በጭንብልና በአየር መስጫ ከረጢት ማስተንፈስን እጇ እስኪለምድ ትደጋግማለች።

ስለዚህ ማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ማኒኪን ሲገዙ ለሚያስተምርበት ሰው፣ ለልምምድ ሰዓቱና ለውይይት ጊዜውም አብረው በጀት ይያዙ። እነዚህ ከተሟሉ ተማሪዋ የመጀመሪያ ስሕተቷን በማኒኪኑ ላይ ትጨርሳለች፤ ታካሚውም የተለማመደ እጅ ያገኛል።