የድረ ገጽ ሙያን ከመጽሐፍ መማር፦ ከአርሲ ማሳ የሚገኝ ትምህርት

ድረ ገጽ መሥራት ለመማር የግድ አዲስ አበባ መክረም የሚያስፈልግበት ጊዜ አልፏል። በአሰላም ይሁን በበቆጂ ያለ ወጣት አንድ ላፕቶፕና አንድ ደህና የቴክኒክ መጽሐፍ ካገኘ፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቀን እንኳ ትምህርቱን አያቋርጥም። መንግሥትም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮድ ለማስተማር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ፕሮግራም ይፋ ማድረጉ ይታወሳል። ይሁንና የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያነበበ ሁሉ ጠበቃ እንዳልሆነ፣ ኮድ የጻፈም ሁሉ ባለሙያ አይደለም። ለመሆኑ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? መጽሐፍስ ያንን ልዩነት ሊያስተምር ይችላል?

ጀማሪው የሚጠይቀው ‹‹ገጹ ይከፈታል ወይ?›› ብሎ ነው። ባለሙያው ግን ‹‹ያልጠበቅሁት ነገር ቢገባበትስ?›› ይላል። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መሥሪያ ቤት ስም የሚሞላበት የድረ ገጽ ቅጽ አለው እንበል። ጀማሪው ተገልጋዩ የጻፈውን ስም እንዳለ ለዳታቤዙ በሚላከው ትዕዛዝ መካከል ይሰካዋል። ይህ የተዋዋይ ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ትቶ የተፈረመ ውል ማለት ነው። ተንኮለኛ ሰው በስሙ ፋንታ አዲስ አንቀጽ ቢጽፍበት፣ አንባቢው የውሉ አካል አድርጎ ይወስደዋል። ዳታቤዙም እንዲሁ በስም ቦታ የገባለትን ‹‹መዝገቡን ሁሉ አሳየኝ›› የሚል ትዕዛዝ አምኖ ይፈጽማል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ጥቃት ይኸው ነው። መድኃኒቱ ትዕዛዙን አስቀድሞ ማሸግ፣ ስሙንም ለብቻው መላክ ነው። ያን ጊዜ ምንም ይጻፍ ምን፣ የገባው ነገር ከስምነት አያልፍም።

በአርሲ ጉዳዩ የሌባ ብቻ አይደለም። በቁቤ በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ሁዻ የሚባለው ምልክት እንደ ፊደል ያገለግላል፤ ‹‹ዛሬ›› ለማለት የሚጻፈው ‹‹ሀርአ›› እንኳ በመካከሉ ይህ ምልክት አለበት። በኮምፒዩተር ሲጻፍ ብዙ ጊዜ በቦታው የሚገባው ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ነው። ይህ ምልክት ደግሞ በኤስኪውኤል ቋንቋ የጽሑፍ መክፈቻና መዝጊያ ነው። ስለዚህ በጀማሪ የተሠራ ቅጽ ሁዻ ያለበት ስም ሲገባለት ትዕዛዙ መሐል ላይ ይሰበርና ‹‹ስህተት›› ብሎ ሰውየውን ይመልሰዋል። ሰውየው ስሙን በትክክል ከመጻፍ በቀር ያጠፋው ነገር የለም።

ሁለተኛው ነጥብ የመጽሐፉ ዕድሜ ነው። ትናንት ለተፈጸመ ወንጀል የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሚጠቅስ ጠበቃ ቢኖር፣ ሕጉ መሻሩን ችሎቱ ይነግረዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተተክቷልና። የተሻረ ኮድ ከመጽሐፍ ላይ ለሚገለብጥ ወጣት ግን የሚነግረው ችሎት የለም። ከሃያ ዓመት በፊት የታተሙ የፒኤችፒ መጻሕፍት ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር ለመገናኘት ያስተምሩት የነበረው የቆየ ስልት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ፒኤችፒ 7 ተወግዷል። የይለፍ ቃልን በኤምዲ5 ለውጦ ማስቀመጥም በብዙ የቆዩ መጻሕፍት ይገኛል። ኤምዲ5 እጅግ ፈጣን ስለሆነ አጥቂው በሰከንድ ስፍር ቁጥር የሌለው ግምት ሊሞክርበት ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ሆን ተብለው ዘገምተኛ የተደረጉ ስልቶች ተተክተውለታል። እንግዲህ መጽሐፍ ሲገለጥ መጀመሪያ የሚታየው የኅትመት ዓመቱና የሚያስተምረው የቋንቋ እትም መሆን አለበት።

የቆየ ሁሉ ግን የተሻረ አይደለም። የስቲቭ ማኮኔል ‹‹ኮድ ኮምፕሊት›› እ.ኤ.አ. በ1993፣ የአንድሩ ሀንትና የዴቪድ ቶማስ ‹‹ዘ ፕራግማቲክ ፕሮግራመር›› በ1999 ታትመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። የሚያስተምሩት ለነገሮች ግልጽ ስም መስጠትን፣ አንድን ዕውቀት በሁለት ቦታ አለመጻፍን፣ ሥራን እየፈተኑ መሄድን ነው። መሣሪያ እንደ መመሪያ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፤ መርህ ይቆያል።

እንዴት ይነበብ ለሚለው፣ በእኔ እምነት የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ጥሩ አርአያ ነው። ተማሪው የሰማውን ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል። የፕሮግራም መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ምሳሌውን ገልብጦ ከመለጠፍ በእጅ መጻፍ፣ መጽሐፉን ዘግቶ እንደገና መሥራት፣ ሆን ብሎ አበላሽቶ የሚመጣውን የስህተት መልእክት ማንበብ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ቀን ለውጥ እንደ ጊት ባለ መዝጋቢ መሣሪያ መያዝ፣ በመጨረሻም ኮዱን ለሌላ ሰው ማስነበብ ተገቢ ነው። መጽሐፍ አራሚ ሊሆን አይችልምና፣ በአሰላ ያሉ ሦስት አራት ወጣቶች አንዱ የሌላውን ሥራ ቢያርሙ ትልቅ ነገር ነው።

የውጭው መጽሐፍ የማይነግረን ነገርም አለ። ወሩን ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ቅጽ በጳጉሜን የተወለደን ሰው አያውቀውም። ‹‹የቤተሰብ ስም›› የሚጠይቅ ቅጽ የአባትና የአያት ስም ያለውን ሰው ግራ ያጋባል። ‹‹አሰላ›› ለእኛ ሦስት ፊደል ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ግን 9 ባይት ይይዛል። በባይት ቆጥሮ የሚቆርጥ ፕሮግራም ፊደላችንን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። የአሰላ አካባቢ ተወላጅ የሆነው ታላቁ ሯጭ ስሙ ‹‹ኃይሌ››፣ ‹‹ሃይሌ››፣ ‹‹ሀይሌ›› ተብሎ ሲጻፍ፣ ካላስተማሩት በቀር ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

አርሲ ይህን ትምህርት ቀድማ አይታዋለች። በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በማሳ ላይ እየሞከረ ለገበሬው ማድረሱ ምርቱን አሳድጓል። ነገር ግን የመሬት ሥሪቱ እንዳለ ነበርና፣ እርሻ አትራፊ ሲሆን ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ዘሩ በማሳው ላይ ተፈትኗል፤ የማሳው ሰው ምን ይሆናል የሚለው ግን በቂ መልስ አላገኘም። ድረ ገጽ ሲሠራም ማን ከደጅ ይመለሳል፣ የማን ምስጢር ይወጣል ብሎ መጠየቅ የሙያው አካል ነው።

ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰብሮ የሚገባውን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዘውን አካል የመጠበቅ ግዴታ ውስጥ አስገብቶታል። ‹‹የተማረ ይግደለኝ›› ማለት የለመድን ነንና ድረ ገጽ የሚያሠራ የሥራ ኃላፊ የምስክር ወረቀት ዓይቶ ብቻ ሊረካ ይችላል። ውል ከመፈረሙ በፊት ግን አራት ነገር ይጠይቅ፦ የይለፍ ቃል እንዴት ይቀመጣል? ከተገልጋይ የሚመጣ ጽሑፍ ከትዕዛዝ እንዴት ይለያል? መጠባበቂያ ቅጂው የት አለ? ተመልሶ እንደሚሠራስ መቼ ተሞከረ? መጽሐፉን በሚገባ ያነበበ የአሰላ ወጣት አራቱንም ሳይንተባተብ ይመልሳል፤ ሥራው ሊሰጠው የሚገባውም ለእሱ ነው።