የካዛንቺስ እመቤቶች፦ ስለ ፋሺዝምና ስለ ሴቶች የሚወራው ተረትና እውነታው

ወያላው «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ!» እያለ ሲጣራ የአንድ ጣሊያን ስም የሚጠራ የሚመስላቸው አሉ። ሰፈሩን ያቀና ነጋዴ ነበር የሚሉም አጋጥመውኛል። ቃሉ ግን የሰው ስም አይደለም። «ካዜ» በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው። «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሠራ በ1924 እ.ኤ.አ. በሮም የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ምኅጻረ ቃል ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ሁለት ዓመቱ ነበር። በወረራው ዘመን ይኸው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ለቅኝ ገዥው ሹማምንት ቤት ሠራ፤ የከተማው ሰው አፍ ደግሞ «ካዜ ኢንቺስ»ን ካዛንቺስ አደረገው። «ካዜ ፖፖላሪ» የተባለው የዝቅተኛ ሠራተኞች መኖሪያም በዚሁ መንገድ ፖፖላሬ ሆኖ ቀረ።

ስሙን ማወቅ ቀላሉ ነገር ነው። እኔን ለዓመታት የያዘኝ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ወራሪ ጦር መኖሪያ ቤት ምን ያደርግለታል? ለወታደር ድንኳንና ካምፕ ይበቃዋል። ወጥ ቤትና የአትክልት ቦታ ያለው ቪላ የሚሠራው ሚስት ትመጣለች፣ ልጅ ይወለዳል ተብሎ ነው። ስለ አምስቱ ዓመት ስናወራ ግራዚያኒንና ባንዳውን እናነሣለን እንጂ ያቺን ሚስት አናነሣትም። እሷን ከታሪኩ ስናወጣት ክፍተቱን የሞሉት ተረቶች ናቸው።

ተረት፦ ፋሺዝም የወንድ ነገር ነበር፤ የጣሊያን ሴቶች ከቤታቸው አልወጡም።

የመጀመሪያው የሴቶች ፋሺ (የፋሺስት ሴቶች ቡድን)፣ በጣሊያንኛው «ፋሾ ፌሚኒሌ»፣ ሞንዛ በተባለች ከተማ የተመሠረተው በ1920 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ይህ ሙሶሊኒ ሮም ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች በየመንደሩ ሰው በሚደበድቡበት ጊዜ ገንዘብ የሚያሰባስቡላቸው፣ ባንዲራ የሚሰፉላቸው፣ በስብሰባም የሚናገሩላቸው ሴቶች ነበሩ። በ1924 የሴቶቹን ክፍል እንድትመራ የተሾመችው ኤሊዛ ማየር ሪዚዮሊ ድርጅቱ የራሱ ድምፅ እንዲኖረው ሞክራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከቦታዋ ተነሣች፤ የሴቶቹ ፋሺም በወንዱ የፓርቲ ጸሐፊ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ በአገር ደረጃ ለራሷ ቆማ የምታዝዝ የሴት መሪ አልነበረችም።

ድርጅቱ ግን አበጠ። በ1933 ሬጂና ቴሩዚ የተባለች፣ ቀድሞ ሶሻሊስት የነበረች መምህርት፣ የገጠር ባለትዳሮችን ማኅበር አቋቋመች፤ በዐሥሩ ዓመት መጨረሻ አባላቱ ከአንድ ሚሊዮን አልፈው ነበር። ገበሬዋ ዶሮ ማርባትና የጓሮ አትክልት ስትማር የአባልነት መታወቂያ፣ የአንገት ሻሽና የዱቼው (የሙሶሊኒ) ሥዕል አብሮ ይደርሳታል። የከተማ ወዛደር ሴቶችም የራሳቸው ክፍል ወጣላቸው። ልጃገረዶቹን ፓርቲው የሚረከባቸው ገና በስድስት ዓመታቸው ነበር።

ተረት፦ የጣሊያን ሴቶች ድርጅት ስለ ነበራቸው መብት አግኝተዋል።

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ የመታወቂያውን ብዛት አይተው ይፈርዳሉ። በ1925 የተወሰኑ ሴቶች በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ራሱ ቀረና ከንቲባው በሹመት ሆነ። የጣሊያን ሴት በአገሯ ጉዳይ ድምፅ የሰጠችው ፋሺዝም ከወደቀ በኋላ፣ በ1946 ነው።

ሥራም እንዲሁ። በ1926 ሴት መምህራን በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክና ፍልስፍና እንዳያስተምሩ ተከለከሉ። በ1938 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ በመንግሥትም በግልም መሥሪያ ቤት የሴት ሠራተኛ ቁጥር ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ አዘዘ። ሙሶሊኒ ከሴት የፈለገው ልጅ ነበር። ላላገቡ ወንዶች ግብር ጣለ፤ በየዓመቱ በፈረንጅ ገና ዋዜማ ብዙ የወለዱ እናቶችን ከየአውራጃው ሮም አስጠርቶ ሸለመ። የሚወለደው ልጅ ለማን እንደሚያስፈልግ ደግሞ አልደበቀም፦ ለጦር ሠራዊትና ለቅኝ ግዛት። ለእኛ አገር ማለት ነው።

ተረት፦ ኢትዮጵያን የወጋው ጦሩ ነው፤ ሴቶቹ የሉበትም።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 18 ቀን 1935) ሮም ላይ የሆነውን እንመልከት። የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ከጣለ አንድ ወር ሆኖታል። ንግሥት ኤሌና በማይታወቀው ወታደር መቃብር ፊት ቆማ የጋብቻ ቀለበቷን አወለቀችና ለጦርነቱ ሰጠች። ከኋላዋ ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ በሮም ብቻ ወደ 250,000 ቀለበት እንደ ተሰበሰበ ይነገራል። በወርቁ ፈንታ የብረት ቀለበት ይሰጣቸው ነበር። ሰልፉን ያደራጁት፣ በየቤቱ እየዞሩም የቀሰቀሱት የሴቶች ፋሺ አባላት ናቸው። በልቧ አምና የሰጠች ብዙ ነበረች፤ ጎረቤቷ ጣቷን እንደሚያይባት ስላወቀች የሰጠችም ነበረች።

ያን ሰሞን እዚህ ምን ይሆን ነበር? ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ጣሊያንን ገጥሞ ነበር። ቀለበቱ በተሰበሰበ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በዚያው ጦር ላይ ተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ ወረደ። እነዚህን ሁለት ቀኖች አንድ ገጽ ላይ አቀራርቦ የጻፈልኝ የትምህርት ቤት መጽሐፍ አላጋጠመኝም፤ ልጆቻችን ግን አብረው ሊያነቧቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ተረት፦ ጣሊያን እንደ እንግሊዝ ዘር አይለይም፤ ከእኛ ሴቶች ጋር ተጋብቶ ተዋልዷል።

ከሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ ካዛንቺስንም የሚነካው እሱ ስለሆነ ቆም ልበልበት።

መዋለዱ እውነት ነው። ወታደሩ ወደ እኛ የዘመተው «ፋቼታ ኔራ» የሚባለውን ዘፈን እየዘፈነ ነው፤ ዘፈኑ ሐበሻዋን ልጃገረድ ነጻ እናወጣሻለን የሚል ነበር። ኤርትራ ውስጥ ቀድሞ የተለመደ «ማዳማቶ» የሚሉት ኑሮ ነበር፦ ጣሊያናዊው ያገሬውን ሴት እንደ ሚስት ያኖራታል፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቷት ይሄዳል። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ መንግሥቱ ዘፈኑንም ኑሮውንም ጠላ። ዘፈኑ ጥቁሯን ሴት አብዝቶ አቅርቧታል አሉ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ በከተማው ላይ የወረደውን እልቂት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ በሮም አንድ ሕግ ወጣ። ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር የትዳር መሰል ኑሮ የሚኖር ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ሕጉን ለየት የሚያደርገው ያላስቀጣው ነገር ነው። ሴቲቱን ለአንድ ሌሊት በገንዘብ መውሰድ ወንጀል አልነበረም። ወንጀሉ መውደድ ነበር። ዳኞቹ የሚመረምሩት አብረው በአንድ ገበታ ይበሉ እንደ ነበር፣ ሲታመም አስታምማው እንደ ሆነ፣ ስጦታ ሰጥቷት፣ ቀንቶባት እንደ ሆነ ነበር። ርኅራኄ ከተገኘ ማስረጃ ይሆንበታል። በ1940 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከኢትዮጵያዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ተከለከለ። ብዙ ክልስ ልጆች ያለ አባት ስም ያደጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሁሉም አባት ጨካኝ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወንዱን ከኢትዮጵያዊቷ ለመለየት ሕግ ብቻ አይበቃም፤ ነጯን ሚስት ማምጣት ያስፈልጋል። ለመጣችው ሚስት ደግሞ ቤት ያስፈልጋል። የካዛንቺስ ቪላዎች የዚህ ስሌት አካል ነበሩ። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት መሐንዲሶች ያወጡት የአዲስ አበባ ፕላን ከተማዋን በዘር ከፍሏታል፦ ያገሬው ሰው ከአራዳ ገበያው ጋር ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶና አዲስ ከተማ ወደምንለው ይገፋል፤ የነጮቹ ሰፈር ለብቻው ይሆናል።

ሚስትነቱም ሥልጠና ነበረው። ከ1937 ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ የሴቶች ፋሺና የፓርቲው የወጣት ድርጅት ለቅኝ ግዛት ኑሮ ማዘጋጃ ኮርስና ካምፕ ከፈቱ። ልጃገረዶቹ ድንኳን መትከል፣ በእንጨት ማብሰል፣ ንጽሕናና የመጀመሪያ ርዳታ፣ ፈረስ መጋለብ፣ ጠመንጃ መተኮስም ተማሩ። እዚህ ላይ ፋሺዝም ከራሱ ጋር ይጣላል፦ ሴት ከቤት አትውጣ ያለው ሥርዓት ለአፍሪካ ሲሆን ተኩስ ያስተምራታል። ብዙዎቹ ወጣቶች ኮርሱን የወደዱት ለዚሁ ይመስለኛል፤ ከአባታቸው ቤት የሚያወጣቸው ሌላ በር አልነበረም። ያ ግን የእኛን ሴቶች በር የሚዘጋ በር ነበር።

ዕቅዱ ሠመረ? አልሠመረም። በ1940 መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 40,000 ጣሊያኖች ሲቆጠሩ ሴቶቹ 7,000 ያህል ብቻ ነበሩ። ሕጉም ቢሆን ኑሮውን ወደ ጓዳ አስገባው እንጂ አላጠፋውም።

ተረት፦ የጣሊያን ሴት ሁሉ ፋሺስት ነበረች።

በአጭሩ፣ አልነበረችም። በ1924 ፋሺስቶች የገደሉት የሶሻሊስቱ የፓርላማ አባል የጃኮሞ ማቴዮቲ ባለቤት ቬሊያ ለዓመታት በፖሊስ ተከብባ ኖራለች። ለእሷ ጥብቅና የቆመ የሴቶች ኮሚቴ በ1932 እንግሊዝ አገር ያቋቋመችው ሲልቪያ ፓንክረስት ናት፤ በኋላ ጋዜጣዋን ለኢትዮጵያ ጥብቅና ያዋለችው፣ ዛሬ ከካዛንቺስ ብዙ በማይርቀው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈችው። ከ1943 እስከ 1945 በጣሊያን ተራሮች ከፓርቲዛኖች (ከፀረ ፋሺስት ሸማቂዎች) ጋር ከተሰለፉት መካከል 35,000 ሴቶች በታጋይነት ተመዝግበዋል።

ተረት፦ የኢትዮጵያ ሴቶች በማኅበር መደራጀት የጀመሩት በደርግ ነው።

በደርግ ጊዜ የነበረው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ብዙዎቻችን ያየነው ስለሆነ የመጀመሪያው ይመስለናል። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር የተመሠረተው በወረራው ዋዜማ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂ ነበሩ፤ ልዕልት ፀሐይም ሥራውን ይመሩ ነበር። ሮም ላይ ቀለበት ሲወልቅ እዚህ ሴቶች ተቀምጠው ለዘማቹ ፋሻና ልብስ፣ አቅማቸው በፈቀደ መጠን የጋዝ መከላከያ ጭንብልም ይሰፉ ነበር። እቴጌይቱ በዚያው ዓመት በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ንግግር አድርገዋል።

ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ሥራው ወደ ውስጥ አርበኝነት ዞረ። ሸዋረገድ ገድሌ ንብረታቸውን አፍስሰው ለአርበኛው መረጃ፣ መድኃኒትና ጥይት ያሻግሩ ነበር፤ ተይዘው ጣሊያን አገር ተግዘዋል፣ ሲመለሱም ቀጥለዋል። ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተዋል። ስንዱ ገብሩ ከየካቲት 12 በኋላ ከተጋዙት ጋር ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረው ነበር። ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ያሰራቸው ሥርዓት አባላት የሆኑት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጣሊያን ሴቶች ለሃያ ዓመት አንድም የፓርላማ ወንበር አላገኙም።

የካዛንቺሷ ሚስትስ የት ደረሰች? በ1933 ዓ.ም. ከተማዋ ነጻ ስትወጣ ባሏ የእንግሊዝ እስረኛ ሆነ። እሷና ልጆቿ ተሰብስበው ቆዩና ወደ ባሕር ወረዱ። ነጭ የተቀቡ፣ ቀይ መስቀል የተሣለባቸው አራት የጣሊያን መርከቦች፣ ሳቱርኒያ፣ ቩልካኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ዱይሊዮ፣ በ1942 እና በ1943 ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ከበርበራና ከምጽዋ ወደ 28,000 ሴቶችን፣ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና ሕሙማንን ወሰዱ። በስዊዝ ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው አፍሪካን በሙሉ በደቡብ ጫፏ ዞረው ነው አገራቸው የገቡት።

ቤቶቹ እዚሁ ቀሩ። መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሠራተኞች ገቡባቸው፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ ብዙው የሰፈሩ ቤት የቀበሌ ሆነ። ለአንዲት ነጭ እመቤት በተሠራ ወጥ ቤት እንጀራ ተጋገረ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ቡና ተቆላ፤ የዘር ድንበር እንዲሆን በተተከለ አጥር ሥር የሰፈር እድርተኞች ድንኳን ጣሉ። በ2017 ዓ.ም. የከተማው የኮሪደር ልማት ሲመጣ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ወያላው ግን ዛሬም «ካዛንቺስ» ይላል።